ሜክሲኮ ሜክሲኮ፣ ሳሪስ ሳሪስ

የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው በቀን ከሚጽፈው ውስጥ ስንቱ አዲስ፣ ስንቱ ትናንትም የጻፈው እንደሆነ ቆም ብሎ ቢያይ ይደነግጣል። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንጀራዬ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሰነድ መተርጎም ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ትራንስክሪፕት፣ አልፎ አልፎም የፍርድ ቤት ውሳኔ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ደንብ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሲቀርብ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም አብሮ እንዲገባ ይጠይቃል። ከትርጉሙ ጋርም ተርጓሚው ሥራው የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ እሱም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ቃል መኖር አለበት። ያ የማረጋገጫ ቃል በእያንዳንዱ ሥራ ግርጌ ይገባል። ከሱ በታች ስም፣ አድራሻ፣ ቀን። ከላይ ደግሞ የሰነዱ ዓይነት፣ የሰጪው መሥሪያ ቤት፣ የማኅተሙ መግለጫ። እውነተኛው ትርጉም እነዚህ ሁለቱ መካከል የምትቀረው ነገር ናት።

የቀኝ እጄ አንጓ መታመም ሲጀምር ሐኪሙ «ኪቦርዱን ይቀንሱ» አለኝ። እንዴት እንደሚቀነስ አልነገረኝም። ማይክ ገዛሁ፣ በቃል ማስጻፍ ጀመርኩ፣ ለመድኩት። ስለ ማስጻፉ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዛሬ ማንም ስልኩን አውጥቶ የሚያደርገው ነገር ነው። ለኔ ሥራውን የቀየረው ሌላው ነው፤ ማለትም የራስን የድምፅ ትዕዛዝ ፈጥሮ፣ ስም ሰጥቶ፣ ሲያስፈልግም እየከፈቱ ማረም።

ለሥራ የምጠቀመው ድራጎን ፕሮፌሽናል የተባለውን የድምፅ ሶፍትዌር ነው። አዲስ ትዕዛዝ ለመሥራት «አድ ኒው ኮማንድ» ማለት ብቻ ነው፤ አንድ መስኮት ይከፈታል። ከላይ የትዕዛዙ ስም፣ ማለትም በአፍ የሚባለው። ቀጥሎ መግለጫ፣ ቀጥሎ ምድብ፣ ቀጥሎ ትዕዛዙ የሚሠራበት ቦታ፦ በሁሉም ፕሮግራም ነው ወይስ ለምሳሌ በዎርድ ውስጥ ብቻ? ከዚያ ዓይነቱ ይመረጣል። ዝግጁ ጽሑፍ የሚያስገባ፣ የማውስና የኪቦርድ እንቅስቃሴን ቀርጾ የሚደግም፣ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ፣ ወይም ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም፣ የሚጻፍበት። ከሥር ጽሑፉ ይለጠፋል፣ ይቀመጣል፣ አለቀ። የአፕል ቮይስ ኮንትሮልም ከ2019 ጀምሮ በማክና በአይፎን ላይ ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ሐረግ ይጻፍለታል፣ ጽሑፍ ያስገባ ወይም ሾርትከት ያስነሳ ወይም የተቀረጸ ትዕዛዝ ይድገም ተብሎ ይመረጥለታል። ዊንዶውስ 11ም ቮይስ አክሰስ በሚለው መሣሪያው ውስጥ የራስ ትዕዛዝ መሥሪያ አስገብቷል።

የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ለመሥራት ቡና ፈልቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ይበቃል። ጭንቁ ያለው አንደኛው መስመር ላይ ነው፤ ስሙ ላይ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የድምፅ ትዕዛዝን ስም ግን መልአክ ስለማያወጣው ቁጭ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ከራሱ ጋር ይሟገታል፦ ይሄ ሰው አሁን ያለው ነገር እንዲጻፍ ነው ወይስ እንዲፈጸም? ሰው ቢሆን ከድምፅህ ቃና ይረዳ ነበር። ማሽኑ ያለው ዋና ፍንጭ ግን ዝምታ ነው። ከትዕዛዙ በፊት ትንሽ ዝም ይባላል፣ ትዕዛዙ ሳይቆራረጥ ይነገራል፣ ከኋላውም ትንሽ ዝም ይባላል። በድራጎን ኮንትሮል ቁልፍን ተጭኖ መናገር የተባለው እንደ ትዕዛዝ ብቻ እንዲታይ ያደርጋል፣ ሺፍትን መጫን ደግሞ እንደ ጽሑፍ ብቻ። ግን እጁን ለማሳረፍ ማይክ የገዛ ሰው ቁልፍ ተጫን ሲባል ምን ይሰማዋል?

በነገራችን ላይ ማሽኖች ትዕዛዝ መስማት የጀመሩት ጽሑፍ መጻፍ ሳይችሉ ነው። አይቢኤም በ1962 በሲያትሉ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ያሳየው ሹቦክስ የተባለ መሣሪያ የሚያውቀው 16 ቃል ብቻ ነበር። አሥሩ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች፣ የቀሩት ስድስቱ ደግሞ እንደ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ቶታል ያሉ የሒሳብ ትዕዛዞች ናቸው። በ1990 የወጣው ድራጎን ዲክቴት ጽሑፍ ያስጽፍ ነበር፤ ግን ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ቆም ማለት ግድ ነበር። ሳይቆራረጡ እንደ ልብ ማውራት የተቻለው በ1997 የድራጎን ናቹራሊ ስፒኪንግ ሲመጣ ነው። ይህን ታሪክ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ቃላቱ 16 ሲሆኑ መምታታት የለም። ሰው እንደ ልቡ ሲያወራ ግን ማንኛውም የትዕዛዝ ስም በማንኛውም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የስም ጣጣ የመጣው ከዚያ ነፃነት ጋር ነው።

ፕሮግራመሮች መላ አበጅተውለታል። እጁን ታሞ በድምፅ ኮድ መጻፍ የጀመረው ታቪስ ራድ በ2013 ፓይከን በተባለው የፕሮግራመሮች ጉባኤ ላይ አሠራሩን አሳይቶ ነበር። «ስላፕ» ሲል ኢንተር ተጫነ ማለት ነው። አጭር፣ ጯኺ፣ በኮድ ውስጥ የማይገኝ ቃል። ታሎን የሚባለውን የድምፅ መሣሪያ የሚጠቀሙት ደግሞ ለእንግሊዝኛ ፊደላቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ባለ አንድ ክፍለ ቃል ስም አላቸው፦ ኤር፣ ባት፣ ካፕ፣ ድረም እያለ ይሄዳል። ለኮድ ጸሐፊ ይሄ ይሠራል። እኔ ግን የማስጽፈው ተራ እንግሊዝኛ ነው፤ በተራ እንግሊዝኛ ውስጥ ደግሞ «ባት» አለ፣ «ስላፕ»ም የፍርድ ቤት ውሳኔ ውስጥ ባል ሚስቱን የመታበት ቃል ሆኖ ይመጣል። የእንግሊዝኛ ቃል ባሰብኩ ቁጥር የሆነ ሰነድ ውስጥ ሲገኝ ይታየኛል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ውጪ የሆነ ስም ያስፈልገኝ ነበር፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚሰማ ሶፍትዌር ሊለየው የሚችል።

ሶፍትዌሩ አማርኛ አያውቅም። ቢሆንም የትዕዛዙን ስም በላቲን ፊደል ጽፎ፣ የልምምድ ቁልፉን ተጭኖ ራስ በሚናገሩት መንገድ አንድ ሁለት ጊዜ ማሰማት ይቻላል። እኔ ያሰማሁት የታክሲ ረዳት ጥሪ ነው።

«ሜክሲኮ ሜክሲኮ» ስል የማረጋገጫው ቃል ይገባል። «አራት ኪሎ አራት ኪሎ» ስል የሰነዱ ራስጌ። «መገናኛ መገናኛ» ዋናውን ስካንና ትርጉሙን ጎን ለጎን ይደረድራል። «መርካቶ መርካቶ» የክፍያ መጠየቂያውን ይከፍታል፤ ይሄኛው ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የድሮው ባቡር መጨረሻ ለገሃር ስለሆነ «ለገሃር ለገሃር» የስምና የፊርማ ቦታውን ያስቀምጣል። «ሳሪስ ሳሪስ» ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጎ በደንበኛው ፎልደር ያስገባል።

መደጋገሙ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ቦሌ ብቻውን በሥራዬ ውስጥ በየቀኑ አለ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወረቀት ግማሹ የቦሌ ክፍለ ከተማ ነው። አራት ኪሎም የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤት አድራሻ ውስጥ ይመጣል። በዚያ ላይ የልደት ምስክር ወረቀት እንደ ድርሰት አይነበብም፤ ሠንጠረዥ ነው። የትውልድ ቦታ ይባላል፣ ዝም ይባላል፣ «ሻሸመኔ» ይባላል፣ ዝም ይባላል። ይሄ ደግሞ ልክ የትዕዛዝ አነጋገር ነው። ሁለት ጊዜ ሲጠራ ግን ነገሩ ይለያል። በምድር ላይ የትውልድ ቦታው «ሻሸመኔ ሻሸመኔ» የሆነ ሰው የለም። ለማሽኑም አራት ክፍለ ቃል የነበረው ስምንት ሲሆን የሚይዘው ነገር ይበዛለታል፤ ትዕዛዝ በአጠረ ቁጥር የሚሳሳት፣ በረዘመ ቁጥር የሚታወቅ ነው። የታክሲ ረዳቶች ይህን ከማንም ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል፤ በመኪና ጥሩንባ መካከል አንዴ «ሜክሲኮ» ያለ ረዳት ማን ይሰማዋል?

እናቴ ካገር ቤት መጥታ እኛ ጋ ስትሰነብት የሥራ ክፍሌ በር ገርበብ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ስልክ የማወራ መስሏት ዝም አለች። ከዚያ ብቅ ብላ «አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለች።

«ከኮምፒውተሩ ጋር ነው እማዬ።»

«ታዲያ ሳሪስ ምን ልታደርገው ነው የምትወስደው?»

አስረዳኋት። ቁጭ ብላ ሜክሲኮ ተብሎ አንድ አንቀጽ እንግሊዝኛ ዱብ ሲል አየች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ወዲያ ለዘመድ በደወለች ቁጥር ልጄ አሜሪካ ሄዶ ወያላ ሆነ ማለት ጀመረች። ይህን ያህል ተምሬ።

ሁሉም ፌርማታ ግን አይሠራም። የእንግሊዝኛ ጆሮ ያለው ማሽን ጠን ከተ፣ ቀን ከከ፣ ጨን ከቸ አይለይም። ጦር ኃይሎችን አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ይሰማዋል። ቃሊቲ «ኳሊቲ» ይሆንና በትራንስክሪፕት ትርጉም ውስጥ ሲበዛ ያስቸግራል። ሞጆ በእንግሊዝኛ ራሱን የቻለ ቃል ነው። መጥበቅና መላላትም ለሱ አንድ ናቸው፤ ገና በዓሉን ገና ካልደረሰው አይለይም። ለስም የሚመረጠው እንግዲህ ረዘም ያለ፣ እንግሊዝኛም ያለውን ድምፅ የያዘ፣ ከሌላው ትዕዛዝ ጋር አጀማመሩ የማይመሳሰል ነው። ሜክሲኮና መገናኛ ሁለቱም በ«መ» ዘር ቢጀምሩም ቀጥሎ ስለሚለያዩ አልተጣሉም። መርካቶ ሲጨመር ግን ሦስቱም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መሆናቸው ትንሽ ያሳስበኛል፤ አራተኛ የ«መ» ፌርማታ አልጨምርም።

ስለ ይዘቱ ደግሞ። ዝግጁ ጽሑፍ ሲባል ድፍን መሆን የለበትም። በጽሑፉ ውስጥ በማዕዘን ቅንፍ [ ] የሚከለል ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ከገባ በኋላ «ኔክስት ፊልድ» ሲባል ጠቋሚው ወደሚቀጥለው ክፍት ቦታ ይዘላል፣ የተመረጠው ላይ እውነተኛው ቃል ይነገራል። የኔ ማረጋገጫ ውስጥ ሁለት አሉ፤ የሰነዱ ስምና ቀኑ። የቀረው አይነካም።

እዚህ ላይ አንድ የምከራከርበት ነገር አለኝ። ብዙ ሰው ትዕዛዝ የሚሠራው ለፍጥነት ነው፤ በተቻለው ቁጥር ሰንሰለት ያበጃል። አንድ ጥሪ ራስጌውን ያስገባ፣ ማረጋገጫውን ያስገባ፣ ይፈርም፣ ፒዲኤፍ ያድርግ፣ ለደንበኛው ይላክ። መሥራት ይቻላል። እኔ አልሠራውም። ያ ማረጋገጫ በሕግ ፊት የኔ ቃል ነው፤ ትክክል ነው ብዬ የምምልበትን ነገር ሳላየው የሚያልፍ ሰንሰለት ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ ፊርማ ከማረጋገጫው ተለይቶ የራሱ ጥሪ አለው፣ በመካከላቸውም ገጹን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። «ቦሌ ቦሌ» የሚለውም ኢሜይሉን አዘጋጅቶ፣ ፋይሉን አያይዞ ይቆማል። በረራው በእጅ ነው። ማጥፋት፣ መላክና መክፈል በድምፅ እንዲሆኑ የሚፈልግ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እጁ ጨርሶ የማይሠራለት ሰው ሌላ ምርጫ የለውም፣ እሱም ማረጋገጫ የሚጠይቅ ሁለተኛ ደረጃ ቢያስገባበት ይሻለዋል። እኔ ምርጫው አለኝ።

ማረሙ ከመፍጠሩ ይበልጣል። ይህን ያልኩት የማስተካከያው መስኮት ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ያው የፈጠሩበት መስኮት ነው። ግን ትዕዛዝ እንደ ተጻፈ ሰነድ አይታይም። በስሙ ይጠሩታል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ውስጡን ማንም አይከፍተውም። አድራሻ ተቀይሮ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛ ስም ተለውጦ፣ እሱ አሮጌውን በታማኝነት እየጻፈ ይኖራል። በኢትዮጵያ የመሥሪያ ቤት ስም ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሚኒስቴሮች ሲዋሐዱና ሲከፈሉ እያንዳንዱ ለውጥ አንዱ ትዕዛዜ ውስጥ ገብቶ መታረም አለበት። ደግሞም አሮጌው ስም አይሞትም፤ የድሮ ወረቀት ሲመጣ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነው የሚተረጎመው። ስለዚህ ሁለቱም ይኖራሉ፤ የትኛው ከየትኛው ዓመት በፊት እንደሚሠራ በመግለጫው ሳጥን ውስጥ እጽፋለሁ። ብዙ ሰው ያንን ሳጥን ባዶ ይተወዋል። ከመስኮቱ ውስጥ ግን ከስሙ ቀጥሎ የምወደው እሱን ነው፤ ለምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደታረመ፣ ከማን ጋር እንዳይምታታ በአማርኛ እጽፍበታለሁ።

የሚሠራበትን ቦታ ማጥበብም ጥቅም አለው። ሳሪስ በዎርድ ውስጥ ብቻ ነው የሚሰማው። ብሮውዘር ተከፍቶ እያለ ብጮኽም ምንም አይሆንም። ሁሉም ትዕዛዝ በሁሉም ቦታ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ የመምታታቱ ዕድል ይሰፋል። ለወራት ያልተጠራ ትዕዛዝ ካገኘሁም አጠፋዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሁሉንም ወደ ፋይል አውጥቼ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጣለሁ። ኮምፒውተር የቀየረ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

በአማርኛ ማዘዝስ? በአማርኛ ማስጻፍ መጥቷል፤ ጉግል በ2017 የድምፅ መጻፊያው ላይ አማርኛን ከስዋሂሊ ጋር ጨምሯል፣ እኔም ለዘመድ መልእክት በሱ እጽፋለሁ። ማዘዝ ግን ሌላ ነው። በጉግል ዶክስ አማርኛ ተናግሮ ማስጻፍ ይቻላል፤ የማስተካከያ ትዕዛዞቹ ግን ለእንግሊዝኛ ብቻ ናቸው። አንቀጹን በአፍ ካስጻፉ በኋላ አራት ነጥቡን በጣት መምታት ነው። ድራጎንና ቮይስ ኮንትሮል ከሚሰሟቸው ቋንቋዎች ውስጥም የኛ የለም። አንድ ቀን የሚሠራው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ማሽኑ አንተ ነው ወይስ አንቺ የሚለው ይመስለኛል። ክፈት፣ ክፈቺ፣ ይክፈቱ። የኔ እናት በጭራሽ ለማታውቀው ነገር ክፈት አትልም፤ እስኪ ይክፈቱልኝ ነው የምትለው። ሦስቱንም መቀበል አለበት። ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣም ማሽኑ ምን እንደታዘዘ የሚያውቀው ንግግሩ ሲያልቅ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ጆሮ ያስፈልጋል።

እስከዚያው በእጄ ያለውን እያረምኩ ነው። የሰሞኑ ጉዳይ የወራት ትዕዛዝ ነው። በኢትዮጵያ ሰነድ ላይ ያለ ቀን ወደ ፈረንጅ ሲመለስ ዓመቱ ሰባት ወይም ስምንት ይጨመርበታል፣ መስከረም 1ም እንደ ዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ይውላል። ስሌቱን ለትዕዛዝ አልሰጥም፤ በመቁጠሪያ አረጋግጣለሁ። የወሩን ስም በአንድ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ ማስገባት ግን የማሽን ሥራ ነው፤ አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ ሌላ ዓይነት «ኅዳር» እንዳይኖር። ለ13 ወር 13 ትዕዛዝ መሥራት አያስፈልግም። በስክሪፕቱ ዓይነት ስሙ ውስጥ ዝርዝር ማስገባት ይቻላል፤ «ወር» ተብሎ ቀጥሎ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ይጠራል፣ ስክሪፕቱ የተጠራውን ተቀብሎ ይጽፈዋል። በዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ የሚጻፈውና የሚባለው ሊለያዩ ይችላሉ። ጥቅምትና ጥር በዚያ «ጥ» ምክንያት ትንሽ ካንገራገሩ በኋላ በልምምድ ተስተካከሉ። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ ምንም አላሉም። ያስቸገረው ጳጉሜ ነው፤ «ጰ»ን ሲፈልግ ፐ፣ ሲፈልግ በ ያደርገዋል። እኔም አንዳንዴ ጳጉሜ፣ አንዳንዴ ጳጉሜን ስለምል ሁለቱንም ለየብቻ አስገብቼ ወደ አንድ አጻጻፍ መርቻቸዋለሁ። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ብዙ አይመጣልኝም፤ ቀጣዩ ሲመጣ ይሞከራል።